የወደቀች ስኩዌር

ኦማሩ፣ ኒውዚላንድ
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1907

ለተከበሩ የአባቴ ያጎት ልጅ፣ ለአቶ ጃቤዝ ሃርደን
ላንግሪጅ፣ ዶርሴት

ይህ ወረቀት ያን ሁሉ ባሕር አልፎ እጅዎ ሲገባ በሙሉ ጤና ያግኝዎ። እኛ የምናመሰግነው ብዙ አለን፤ የምንለምነውም አለ። እናቴ ደህና ናት። አባቴን ሩበንን ግን ያው የድንጋይ ጠራቢ በሽታ ይዞታል፤ ደረቱ በአቧራ ሞልቶ ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ አልጋ ሆኗል ውሎው።

አያውቁኝም። ሄስተር እባላለሁ፤ የሩበን የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ እዚህ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ስምዎን ያገኘሁት ከአባቴ አፍ አይደለም፤ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ሽፋን ውስጥ ከተጻፈው የቤተ ዘመድ ዝርዝር ነው። አጎቴ ብልዎ እንዳይቀየሙኝ።

የምጽፍልዎ ስለ አንድ ቃል ነው። እናንተ ዘንድ አንድ ፕሮፌሰር የእንግሊዝኛን ቃል ሁሉ ከነትውልዱ የሚመዘግብ ትልቅ መጽሐፍ ያዘጋጃል። እንደኔ ያለ ሰው ደግሞ ከያለበት እየለቀመ በትንንሽ ወረቀት ይልክለታል። ለኔ የደረሰኝ «ስኩዌር» ነው። ቀላል መስሎኝ ነበር። ተማሪዎቼን ብጠይቅ አራት ጎኑ እኩል የሆነ ቅርጽ ነው አሉኝ። ግን የከተማ አደባባይም ስኩዌር ነው። ወታደር ጀርባ ለጀርባ ገጥሞ በአራት ፊት ሲሰለፍም ስኩዌር ነው። ቁጥር በራሱ ሲባዛም፣ የማያጭበረብር ቀና ሰውም እንደዚሁ ይባላል። ከነዚህ ሌላ እናንተ በእጃችሁ የምትይዟት፣ ሁለት ክንድ ያላት የብረት ማዕዘን መለኪያ አለች። የትኛው እናት፣ የትኛው ልጅ እንደሆነ ነው ፕሮፌሰሩ የሚፈልገው።

አባቴን ጠየቅሁት። ዕድሜውን የጨረሰው በድንጋይ ነውና ያውቃል ብዬ ነበር። «ሌላ ሰው ጠይቂ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ስለዚህ እርስዎን ጠየቅሁ። የላንግሪጅ ጠራቢዎች በዚህ ቃል ምን ምን ይላሉ? ስኩዌሯ ራሷስ ያልተዛባች መሆኗ በምን ይታወቃል?

በአክብሮት፣
ሄስተር ሃርደን


ላንግሪጅ
ኤፕሪል 3 ቀን 1907

ለሩበን ልጅ ለሄስተር

አምላክ ይባርክሽ፤ እጅሽን ከፍርሃት፣ እግርሽን ከመሰናክል ይጠብቅልሽ። እኔ በእግሬ ቆሜ አለሁ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ጥርሴ አራት ቀርቶኛል፤ ዓይኔ ግን ከመንገድ ማዶ ሆኖ የዘመመ ግድግዳ ይለያል። ማንበብና መጻፍ አልችልም፤ አላፍርበትም። እኔ የጻፍኩት በድንጋይ ነው፤ ዝናብም አላጠፋው።

ይህን የምትጽፍልኝ ፖስታ ቤቱን የያዘችው ወይዘሪት ዶርካስ ፒት ናት፤ የድሮው ካቦአችን የአሞስ ፒት ልጅ። ውላችን ያልኩትን እንዳለ እንድታሰፍር ነው። «አባባ ጃቤዝ፣ ይቺን እንኳ ትንሽ ላለስልሳት?» ትለኛለች። «ድንጋይ ከለሰለሰ ጭቃ ነው፤ ጻፊ» እላታለሁ። ይኸው ጻፈች።

እንግዲህ ቃል እያደነ ዳቦውን የሚበላ ትልቅ ሰው አለ ማለት ነው? ጉድ ነው። ይሁን። ለፕሮፌሰርሽ ንገሪው፦ እናትየዋ በኛ እጅ ያለችው ናት። ሌላው ሁሉ ልጅ ነው። መሳሪያው ሳይኖር ቅርጹን ማን አየው? እግዜር በፈጠረው ነገር ውስጥ ስኩዌር የለም። ዛፍ ክብ ነው። ጨረቃ ክብ ናት። ላም ዞረሽ ብታያት አንድ ቀጥ ያለ ማዕዘን አታገኚባትም። ቀጥ ያለውን ማዕዘን ሰው ነው ያመጣው፤ ያመጣውም በዚያች ብረት ነው። የከተማ አደባባይ የሚሉትም የኛ ነው፤ እኛ ቤቶቹን በማዕዘን ስናቆም መሐሉ ባዶ ቀረ፤ ባዶውን ስም አወጡለት።

እኛ ጋ «ከስኩዌር ወጣ» የሚባለው ያበጠ ወይም የጎደለ ድንጋይ ነው። «ስኩዌር አርገህ ንገረኝ» ማለት አትጠማዘዝብኝ ማለት ነው። ስኩዌር ሰው የሚባለው ደግሞ በየትኛውም ጎኑ ብታስቀምጪው የማይንገዳገድ ነው። ምሳሌ ከፈለግሽ ራቅ አትበይ። ሃያ ሁለት ዓመት የዚህ መንደር ካቦ ነበርኩ፤ እኔን የሚሉኝ እንደዚያ ነው። ይህን ለፕሮፌሰሩ ላኪለት።

መዶሻ ይዋዋሱታል፣ መሮም ይዋዋሱታል፤ ስኩዌር ግን አይዋዋሱም። ይህን ተይው። አትጻፊው ብያት ጽፋዋለች።

ለአባትሽ ሰላም በይው።

ከግርጌ ያለችው በድንጋይ ላይ የማኖራት ምልክቴ ናት፤ በገዛ እጄ ነው የሣልኳት።

ጃቤዝ ሃርደን


ኦማሩ
ጁን 2 ቀን 1907

ለተወደዱ አጎቴ ጃቤዝ

በጤናና በሰላም ይቆዩኝ። ወይዘሪት ዶርካስንም ስለ ድካሟ ያመስግኑልኝ።

ደብዳቤዎን ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሆኜ አነበብኩትና ሳቅሁ፤ ላሚቱን በዓይነ ኅሊናዬ ዞርኳት። እርስዎ የነገሩኝን ጽፌ ከመላኬ በፊት ከፕሮፌሰሩ ወረቀት መጣልኝ። እውነትዎን ነው! በቋንቋችን ተጽፎ ከተገኘው ሁሉ ቀድሞ የመጣው የድንጋይ ጠራቢው መሳሪያ ነው። ባለአራት ጎኑ ቅርጽ ከርሱ ቆይቶ ተከተለ፤ ቀና ሰው የሚለው ደግሞ ከዚያም በኋላ። ቃሉ እንግሊዝ አገር አልተወለደም። ሥሩ ሮማውያን አራት ከሚሉበት ቃል ነው፤ «አራት ማዕዘን አድርጎ ማውጣት» እንደማለት። ጣሊያኖች እስከ ዛሬ መሳሪያዋን ስኳድራ ይሏታል። ፈረንሳዮች ድምፁን ቆረጥ ቆረጥ አድርገው ያዙት፤ እኛ ከነሱ ወሰድነው። ማንበብ የማያውቅ ሰው ፕሮፌሰሩን ቀደመው ብዬ ለእናቴ ነገርኳት።

ለአባቴም አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «ለአባትሽ ሰላም በይው» የሚለው ጋ ስደርስ እጁን አነሳ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም፣ አባዬ።»

«ገልብጪው እስቲ፤ ከጀርባው።»

ከጀርባው ምንም አልነበረም። አሳየሁት። ያን ቀን ምሳውን አልበላም።

በመካከላችሁ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ልጅ ነኝና አልጠይቅም። ግን አጎቴ፣ አንዱን ጥያቄዬን ዘለሉት። ስኩዌር ያልተዛባች መሆኗ በምን ይታወቃል? ፕሮፌሰሩም ጠይቆኛል።

አክባሪዎ፣
ሄስተር


ላንግሪጅ
ኖቬምበር 24 ቀን 1907

ለሄስተር

ጤና ከቤትሽ አይጉደል። መልሴ ዘገየ ብለሽ አትቆጪ። ጣሪያዬን ነፋስ ገልጦት ነበር። ከዚያ ድንች ማውጣት ነበረ። ከዚያ ደግሞ ወይዘሪት ዶርካስ ታመመች። (አልታመምኩም ትላለች። ጻፊው ደግሞ።)

የጠየቅሽኝን ላስረዳሽ፤ ለፕሮፌሰሩ ነው። ጠርዙ ቀጥ ያለ ሳንቃ ታገኛለሽ። የስኩዌሯን አንዱን ክንድ በጠርዙ ላይ ታስጠጊያለሽ፤ በሌላው ክንድ ልክ በሾለ ብረት መስመር ትጭሪያለሽ። ከዚያ ስኩዌሯን ትገለብጫታለሽ፤ ቀኟ ግራ ይሆናል። ከዚያው ነጥብ ተነስተሽ እንደገና ትጭሪያለሽ። ሁለተኛው መስመር በመጀመሪያው ላይ ከተኛ ደህና ናት። እንደ መቀስ ከተከፈተ ተዛብታለች። ጥፋቷን እጥፍ አድርጋ ነው የምታሳይሽ፤ አትደብቅም፤ መደበቅ አታውቅም። ሥራው ውኃ አንዴ ፉት እስኪሉ አይፈጅም። ማንም ሊያደርገው ይችላል። ያላደረገ ሰው ስላልፈለገ ነው።

ይኸው ነው። ከእንግዲህ ቃል ከሆነ ጠይቂኝ። ሰው ግን አትጠይቂኝ።

ብርድ ገብቷል። የአባትሽን ደረት አሙቂለት።

ጃቤዝ ሃርደን


ኦማሩ
ጃንዋሪ 9 ቀን 1908

ለአጎቴ ጃቤዝ

አዲሱ ዓመት የዕረፍት ያድርግልዎ።

የመገልበጡን ነገር ለአባቴ አነበብኩለት። «ያላደረገ ሰው ስላልፈለገ ነው» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ በሕይወቴ ሰምቼ የማላውቀውን ነገረኝ። እሱ እንዳለው ነው የምጽፈው።

«ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ለጸሎት ቤቱ በር አሥራ አንድ ድንጋይ ጠረብኩ፤ በጃቤዝ ስኩዌር። ሲደረደሩ ተበላሹ። በሱ ስኩዌር ነው የጠረብኩት አልኩ። አምጥተው ገለበጧት፤ አንድ መስመር ሆነች። ድንጋይ ማበላሸቴ አንድ፣ ዘመዴን መወንጀሌ ሁለት ሆነብኝ። ስሜን ከጠራቢዎች መዝገብ ሰረዙት።»

«ጃቤዝስ ምን አለ?» አልኩት።

«ጫማውን አየ» አለኝ።

አጎቴ፣ እዚህ ያለው ድንጋይ ነጭ ነው፤ ጠራቢው ሁሉ ምልክቱን ያኖርበታል። የአባቴ ምልክት ግን በአንዱም ላይ የለም። ልጅ ሆኜ ለምን ብዬ ስጠይቀው «እጄን አላምነውም» ይለኝ ነበር፤ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። የጠረበውን ድንጋይ ሁሉ ለሌላ ሰው አሳይቶ፣ «እስቲ ለካልኝ» ብሎ ነበር የሚያስረክበው። እናቴ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ስታነጥፍ እንኳ ጠርዙን እሱ አያስተካክልም።

ሐኪሙ የሚመጣውን ክረምት አይሻገርም ብሎናል፤ የኛ ክረምት ጁን ላይ ነው የሚገባው። ስለዚህ ይህን የምጠይቅዎ ለመጽሐፉ አይደለም። ለፕሮፌሰሩም አልልከውም። ስኩዌር የምትዛባው ስትወድቅ ነው ይላል አባቴ፤ ስኩዌሯ እሱ እጅ ከመግባቷ በፊት ወድቃ ነበር?

ሄስተር ሃርደን


ላንግሪጅ
ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1908

ለሄስተር

ዛሬ ምርቃት የለኝም፤ ለመመረቅ የሚሆን አፍ የለኝም።

አዎ። ወድቃ ነበር።

ይህን ስል ወይዘሪት ዶርካስ ብዕሯን አነሳች። «አባባ ጃቤዝ፣ ይሄ አባቴ የፈረደው ነገር አይደለም እንዴ?»

«ነው። ጻፊ» አልኳት።

ከተማ ወርጄ የማያውቀኝ ሰው ዘንድ ማስጻፍ እችል ነበር። ሁለት ቀን ጫማዬን አስሬ ፈታሁ። ግን ለማያውቀኝ ሰው ነግሬ ተናገርኩ እላለሁ?

ቅዳሜ ነበር፤ 1869 ላይ። የጸሎት ቤቱ መወጣጫ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ከእጄ አመለጠችኝ፤ በክንዷ ጫፍ ድንጋይ ላይ አረፈች። ደንባችን አጭር ነው። ስኩዌሩን የጣለ ሰው በሁሉ ፊት ይገለብጣታል፤ ለሁሉ ቢራ ይገዛል፤ እስከሚቀጥለው የጠራቢዎች ማኅበር ቀን ድረስ «ቅቤ እጅ» እየተባለ ይጠራል። በቃ። ማንም በዚህ አልሞተም። እኔ ግን፣ አሞስ ፒት ሸምግሎ ሥራውን ሊተው ነበርና ቀጣዩ ካቦ እኔ ነኝ ይባል ነበር። ቅቤ እጅ ካቦ አይሆንም። ዙሪያዬን አየሁ፤ ሰው የለም። በሽርጤ ጠርጌ ያዝኳት። አልገለበጥኳትም። ካልገለበጥኳት አላወቅሁም፣ ካላወቅሁ አልዋሸሁም ብዬ።

ሰኞ አባትሽ መጣ። የሱ ስኩዌር አንጥረኛ ቤት ነበረች። «ጃቤዝ፣ ያንተን አውሰኝ፤ የበሩን ድንጋዮች ልጨርስ» አለኝ። ሙያውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ብከለክለው ለምን ይለኛል። ሰጠሁት።

ሐሙስ ጨርሶ ስኩዌሬን መለሰልኝ። ዓርብ ጠዋት ድንጋዮቹን ደረደርናቸው። በሩ ከታች ጀምሮ አንገቱን እየጣለ ሄደ፤ አሥራ አንደኛው ድንጋይ ጋ ትንሿ ጣት የምትገባበት ክፍተት ሆነ። አሞስ ምልክቱን አየ፤ የሩበን ነው። «ነገ ሁሉም ባለበት እንነጋገራለን» አለ። በምሳ ሰዓት ከዳሱ ጀርባ ሄጄ ገለበጥኳት። ሁለት መስመር። ሾል ያለ ብረት ሁለቱ ክንዶች በሚገናኙበት በክርኗ ውስጠኛ በኩል አስደግፌ በመዶሻ ሦስት ጊዜ መታሁ፤ እንዲህ ሲያደርጉት ብረቱ ይሰፋና ክንዱ ወደ ውጭ ይገፋል። ገለበጥኳት። አንድ መስመር።

ቅዳሜ አባትሽ እውነቱን ተናገረ። አሞስ «ጃቤዝ፣ አምጣት» አለኝ። አመጣሁ። ገለበጣት። ከኋላ አንዱ «እጁ ሰክሮ ብረት ይከሳል!» ብሎ ጮኸ። አባትሽ ዞሮ አየኝ። ጫማዬን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

በዓመቱ ካቦ ሆንኩ።

ወይዘሪት ዶርካስ ብዕሯን አስቀመጠች። «አባቴ ሲሞት አጠገቡ ነበርኩ» አለችኝ። «‹ያ የሩበን እጅ እንዴት ሳተ?› ይል ነበር። ሌላውን ሁሉ ረስቶ እሱን አልረሳም።» ከዚያ ብዕሯን አነሳችና «ይቀጥሉ፣ አቶ ሃርደን» አለችኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ አባባ ስትለኝ የኖረች ናት።

«ጨርሻለሁ፤ አሽጊው» አልኳት።

«አላሽግም» አለችኝ። «ለባሕር ማዶ የሚናገሩትን ለጎረቤት ይደብቁታል? የማኅበሩ ቀን ማክሰኞ ነው። እስከዚያ ደብዳቤው እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።»

ማርች 5 ቀን፣ የዚያው ደብዳቤ ቀጣይ

ማኅበራችን የሚሰበሰበው በዓመት አንዴ ነው፤ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው የቅበላ ማክሰኞ። በጠረጴዛው ራስ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ቢራው ሳይከፈት ተነሳሁና ላንቺ ያልኩሽን ሁሉ አልኩ። ጮክ ብዬ።

ይጮሁብኛል፣ ይተፉብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አንዱ ወጣት ጎረቤቱን «ሩበን ማነው?» ብሎ ጠየቀው። ሌላው «አባባ ጃቤዝ፣ እኛ ሳንቀምስ እርስዎ ቀደሙን እንዴ?» አለ። ሳቁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት እንደ ፍም ታቅፌ የዞርኩት ነገር፣ ከነሱ ለአንዱም ነገር አልነበረም። እንዲህ ያለ ውርደት አለ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ያን ቅዳሜ ከነበሩት በሕይወት ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ኖህ ዴንት። ጆሮው አይሰማም። አጠገቡ ሄጄ ጎንበስ ብዬ በጆሮው ሁሉንም ደገምኩለት። ሁለተኛ ጊዜ መናገር ከመጀመሪያው ይከፋል። ኖህ ሲገባው «እጁ ሰክሮ ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ» አለ፤ አለቀሰ። ሰማንያ ዓመቱ ነው። ሳቁ ያን ጊዜ ቆመ።

ጸሐፊው አሮጌውን መዝገብ አወጣ። የአባትሽ ስም ከተሰረዘበት ጎን እንደገና ጻፈው። እኔ አላነብም፤ ጣቴን ይዞ «እዚህ ጋ ነው» ብሎ አስቀመጠልኝ። ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር። ከዚያ ወንበሬን ተሸክሜ በሩ ዳር ሄጄ ተቀመጥኩ። ሂድ ያለኝ የለም፤ ተመለስ ያለኝም የለም።

በመጀመሪያው ደብዳቤ ስለ ስኩዌር ሰው የሰጠሁሽን ምሳሌ ለፕሮፌሰሩ ልከሽለት ከሆነ አስመልሺው።

ለአባትሽ አንብቢለት። ፈጥነሽ አንብቢለት።

ጃቤዝ ሃርደን


ኦማሩ
ኤፕሪል 22 ቀን 1908

ለአቶ ጃቤዝ ሃርደን

ደብዳቤዎ በትንሣኤ ማግስት ደረሰን። አባቴ በሕይወት አለ። ትራሱን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት፤ እናቴም ቆማ ሰማች። መሐል ላይ ትታን ወጣች፤ ጓሮ ሆና ስታለቅስ ሰማኋት። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብራው የኖረችው «እጄን አላምነውም» ከሚል ሰው ጋር ነበርና።

ይቅር ብሎዎታል ብዬ ብጽፍልዎ ደስ ባለኝ፤ ግን አላለም። በአፉ ያላለውን ቃል ልጨምርለት አልችልም። ስሙ መዝገብ ላይ መመለሱን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፤ ኖህ ማልቀሱን ስነግረው «ምስኪን» አለ። ስለ እርስዎ ምንም አላለም።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ስኩዌሯ በአንድ ጫማ ርዝመት ስንት ነው የሳተችው?» አለ። ጽፈሽ ጠይቂው አለኝ። ይኸው ጠየቅሁ።

ምሳሌውን አልላክሁትም ነበር።

ሄስተር


ላንግሪጅ
ጁን 6 ቀን 1908

ለሄስተር፤ ለአባትሽ የሚነበብ

አምላክ ይህ ወረቀት እስኪደርስ ትንፋሽህን ያቆይልኝ፣ ሩበን። ከዚህ ወዲያ የምናገረው ላንተ ነው።

በአንድ ጫማ ስንት ብለህ ጠይቀሃል። ጠራቢ ነህና ሌላ ምን ትጠይቃለህ። ያን ዓርብ ስገለብጣት ሁለት መስመር አየሁ፤ በመካከላቸው ስንት እንደነበረ ግን አልለካሁም፤ ለመምታት ነበር የቸኮልኩት። ስለዚህ ከጭንቅላቴ ብነግርህ ሌላ ውሸት ነው።

ድንጋዮችህ አልተጣሉም። አሞስ ከበሩ አስነቅሎ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ የአሳማ ጋጣ አሠራባቸው። በዚያ መንገድ ላለማለፍ ይህን ሁሉ ዘመን በወፍጮው በኩል ዞሬ ነው የምሄደው። ትናንት ግን ሄድኩ። የአሁኑን ካቦ ስኩዌሩን ለመንኩት፤ በፊቴ ሁለት ጊዜ አስገለበጥኩት፤ አንድ መስመር ናት። ወይዘሪት ዶርካስ ወረቀትና ቀለም ይዛ አብራኝ መጣች። «አቶ ሃርደን፣ ጉልበትዎ አይችልም፤ ሰው እንጥራ» አለችኝ። እኔው ነኝ የምንበረከከው አልኳት።

ምልክትህን፣ ያቺን የቁራ እግር፣ በዘጠኝ ድንጋይ ላይ ወዲያው አገኘሁ። አሥረኛውን አፈር ውስጥ ቆፍሬ አወጣሁት። አሥራ አንደኛው የለም፤ ማን እንደወሰደው እንጃ። የአሳማው ባለቤት በአጥሩ ላይ ተደግፎ «አባባ ጃቤዝ፣ ጋጣዬን ሊገዙኝ ነው?» ይለኛል። ትቼው ወደ ድንጋዮቹ ዞርኩ።

ስኩዌሯን በመጀመሪያው ድንጋይ ላይ አኖርኩ። በክርኗ በኩል ገጠመች፤ ከክርኗ አንድ ጫማ ርቆ ግን ክፍተት ቀረ። በምን ልለካው? በጣም ቀጭን ነው። ወይዘሪት ዶርካስ ይህን የምትጽፍበትን ወረቀት አንድ አንድ ቅጠል እየደረበች አስገባችበት። ስምንት ቅጠል ገባ። ዘጠነኛው አልገባም።

ይህችን ታህል ናት፣ ሩበን። በስምንት ቅጠል ወረቀት ነው አገር ያስለቀቅሁህ።

ሁለተኛውን ለካሁ። ስምንት። ሦስተኛውን ለካሁ። ስምንት። አራተኛው ላይ ዶርካስ ቅጠሎቹን እጄ ላይ አኖረችና «እርስዎ ያስገቡት» አለችኝ። ስምንት። አምስተኛው፣ ስድስተኛው፣ እስከ አሥረኛው፤ አፈር ውስጥ የነበረውን በውኃ አጥበን ስንለካው እሱም ስምንት።

የሚሳሳት እጅ ምን እንደሚያደርግ አንተም እኔም እናውቃለን። አንዱን አራት፣ አንዱን አሥራ ሁለት፣ አንዱን ደግሞ በአጋጣሚ ደህና ያደርገዋል። አሥር ድንጋይ አንድ ዓይነት የሚያደርግ እጅ በላንግሪጅ ኖሮ አያውቅም፤ የኔም አያደርገውም። አሞስ ያን ቀን ድንጋዮቹን እርስ በርስ አስተያይቶ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ይወጣ ነበር። እኔ ይህን አውቅ ነበር። እንዳያስበው እየጸለይኩ ነው የቆምኩት።

ስምንቱን ቅጠል ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ሄስተር በጣትሽ አጥብቀሽ ያዢና አባትሽ እጅ ላይ አኑሪለት። ዓይኑ ቢደክም እንኳ በጣቱ ያውቀዋል። የሳተችው ያን ያህል ነው፤ የሳተችውም እሷ ናት።

ይቅርታ ብዬ አላደክምህም፤ አልጠየቅህኝም። የጠየቅኸው ልኩን ነው፤ ልኩ ይህ ነው።

ጃቤዝ